ያልበረሩት የበረራ መሣሪያዎች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የበረራ ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚተረከው ሙከራው ከተሳካበት ቀን ጀምሮ ነው። ይህ ገጽ ግን ከዚያ ቀን በፊትና በዚያው ዙሪያ ስለ ተሠሩ፣ ቅርጻቸው ለዛሬ ዓይን እንግዳ ስለሆነ፣ ብዙዎቹም ከመሬት ሳይነሡ ወይም ተነሥተው ወዲያው ስለ ወደቁ መሣሪያዎች ለሚነሡ ጥያቄዎች መልስ ለመስጠት የተዘጋጀ ነው። ዓመታቱና ወራቱ ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

አንድ የበረራ ሙከራ «አልተሳካም» የሚባለው በምን መለኪያ ነው?

ከመሬት መነሣት ብቻውን መብረር አይደለም፤ የተወረወረ ድንጋይም ከመሬት ይነሣል። አንድ መሣሪያ በረረ ለማለት ሰው ጭኖ በራሱ ሞተር ኃይል መነሣት፣ ከፍታውን ሳያጣ መጓዝ፣ አብራሪው ወደ ፈለገው አቅጣጫ ሊመራው መቻል፣ በመጨረሻም በደኅና ማረፍ ይኖርበታል። ዊልበርና ኦርቪል ራይት ዲሴምበር 17 ቀን 1903 በአሜሪካ ኖርዝ ካሮላይና ግዛት፣ በኪቲ ሆክ አቅራቢያ በሚገኘው አሸዋማ ዳርቻ ያደረጓቸው አራት በረራዎች ይህን መለኪያ ያሟሉ የመጀመሪያዎቹ እንደሆኑ በሰፊው ተቀባይነት አግኝቷል። የመጀመሪያው በ12 ሰከንድ 36.5 ሜትር ያህል ሲሸፍን፣ አራተኛው 59 ሰከንድ ቆይቶ 260 ሜትር ገደማ ተጉዟል። ከዚያ በፊት የተሠሩት ባለሞተር መሣሪያዎች ከእነዚህ መስፈርቶች አንዱ ወይም ሌላው ይጎድላቸዋል። ከሁሉ ይበልጥ የጎደላቸው መመራት መቻል ነው፤ ከታች በሚቀርቡት መልሶችም ይህ ጉድለት ተመላልሶ ይታያል።

የጥንት ሞካሪዎች ክንፍ አስረው ከማማ ላይ የሚዘልሉት ለምን ነበር?

በዓይናቸው የሚያዩት አርአያ ወፍ ብቻ ስለነበረ ነው። በ9ኛው ክፍለ ዘመን በእስፓንያ በኮርዶባ ከተማ የኖረው ዐባስ ኢብን ፊርናስ ላባ የለበሰ ክንፍ አስሮ ከከፍታ እንደ ዘለለ፣ ጥቂት ከተንሳፈፈ በኋላም ሲያርፍ ጀርባው ክፉኛ እንደ ተጎዳ ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ የኖረ ታሪክ ጸሐፊ ይተርካል። በ11ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ኤይልመር የሚባል እንግሊዛዊ መነኩሴ በማልምስበሪ ገዳም ከማማ ዘልሎ እግሮቹን እንደ ሰበረ ተጽፏል። በሁለቱም ትረካዎች የውድቀቱ ምክንያት ጅራት አለማበጀት እንደሆነ መነገሩ በጣም ያስደንቃል፤ ጅራት የሚዛን ጉዳይ ነውና፣ እነዚያ ሰዎች ከስብራታቸው የተረዱት ነገር ከእነርሱ በኋላ የመጡ ብዙ ባለሞተሮች የዘነጉት ነገር ነው።

በጀርመን ኡልም ከተማ የነበረው ልብስ ሰፊ አልብሬክት በርብሊንገር ሜይ 31 ቀን 1811 ሕዝብ በተሰበሰበበት የዳኑብን ወንዝ በክንፍ ሊሻገር ሞክሮ ውኃ ውስጥ ወደቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስኪሞት ድረስ የከተማው መሳለቂያ ሆኖ ኖረ። መሣሪያው ግን ክንፍ የሚያርገበግብ ሳይሆን ክንፉን ዘርግቶ የሚንሳፈፍ ዓይነት ነበረና፣ ነፋሱ ከታች ወደ ላይ በሚገፋ ኮረብታ ላይ ቢሞክረው ኖሮ ዕጣው ሌላ ሊሆን ይችል ነበር። ቀዝቃዛ ወንዝ ለእንዲህ ዓይነት ሙከራ ከሁሉ የከፋ ስፍራ ነው።

ሰው በገዛ ጡንቻው ብቻ መብረር ፈጽሞ አይችልም ማለት ነው?

ይችላል፤ በመጀመሪያ የተሳካው ግን ክንፍ በማርገብገብ አይደለም። ጣሊያናዊው ጆቫኒ አልፎንሶ ቦሬሊ በ1680 በታተመ ጥናቱ የሰው ደረት ጡንቻ ከሰውነቱ ክብደት ጋር ሲነጻጸር ከወፍ ጡንቻ እጅግ የደከመ መሆኑን አስረድቶ ነበር። በ1977 ግን ጎሳመር ኮንዶር የተባለው፣ እንደ ብስክሌት በእግር እየተነዳ ፕሮፔለር የሚያሽከረክረው አውሮፕላን የተወሰነለትን ዙር በረረ። በ1979ም ተከታዩ ጎሳመር አልባትሮስ በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ያለውን የባሕር ወሽመጥ በ2 ሰዓት ከ49 ደቂቃ ተሻገረ። ይህ የሆነው ከአሉሚኒየም፣ ከካርቦን ጭረትና ከስስ ፕላስቲክ የተሠራ እጅግ ቀላል አካል በመገኘቱ ነው፤ የቀድሞዎቹ የነበራቸው ግን እንጨት፣ ሸራና ሐር ብቻ ነበር።

ክንፍ ከማርገብገብ ወደ ቋሚ ክንፍ የተሸጋገረው ሐሳብ ከማን መጣ?

ከእንግሊዛዊው ጆርጅ ኬይሊ ነው። ኬይሊ በ1799 በአንዲት ትንሽ የብር ሜዳይ ላይ በአንደኛው ገጽ ቋሚ ክንፍና ጅራት ያለው መሣሪያ፣ በሌላኛው ገጽ ደግሞ በክንፍ ላይ የሚያርፉትን ኃይሎች ቀረጸ። የወፍ ክንፍ ማንሣትንም መግፋትንም በአንድነት ይሠራል፤ ኬይሊ ግን ክንፉ ያንሣ፣ መግፋቱን ሌላ መሣሪያ ይሥራው ሲል ሁለቱን ለያቸው። ዛሬ የምንሳፈርበት አውሮፕላን ሁሉ ይህን ክፍፍል ይከተላል። ችግሩ ያን መግፊያ ከየት ማምጣት እንደሚቻል ነበር።

ለምን የእንፋሎት ሞተር ሞከሩ?

በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ሌላ የሚታመን ሞተር ስላልነበረ ነው። የእንፋሎት ሞተር ብቻውን አይጫንም፤ የውኃ ማፍያው፣ ውኃው፣ እሳቱና ማገዶው አብረውት ይጫናሉ። እንግሊዛዊው ዊልያም ሄንሰን በ1842 የፈጠራ መብት የጠየቀበት «የአየር የእንፋሎት ሠረገላ» ክንፉ 45 ሜትር ያህል እንዲረዝም የታቀደ ነበር። ባልደረባው ጆን ስትሪንግፌሎ ነበር። ገንዘብ ለማሰባሰብ ሲባል መሣሪያው በግብፅ ፒራሚዶች ላይ ሲበር የሚያሳዩ ሥዕሎች ታትመው ተሠራጩ፤ መሣሪያው ራሱ ግን ከቶ አልተሠራም፤ የተሞከረው አነስተኛ አምሳያውም ከፍታውን ጠብቆ መብረር አልቻለም። ሕዝቡ ሥዕሉን አይቶ ሲጠብቅ ቆይቶ በኋላ መሳቁ ለሚቀጥሉት ሞካሪዎች ሁሉ ጉዳት ሆነ፤ ስለ በረራ የሚናገር መሐንዲስ በቁም ነገር የሚሰማው ጠፋ።

በፈረንሳይ ፌሊክስ ዱ ታምፕል በ1874፣ በሩሲያም አሌክሳንደር ሞዣይስኪ በ1880ዎቹ የሠሯቸው የእንፋሎት መሣሪያዎች ከቁልቁለት መንደርደሪያ ላይ ተንደርድረው ለአፍታ ከመሬት እንደ ለቀቁ ይነገራል። ቁልቁለቱ ስላገዛቸው በራሳቸው ኃይል ተነሡ ለማለት አያስችልም።

የአዴር «ኤኦል» በእርግጥ በርሯል?

ፈረንሳዊው የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ክሌማን አዴር የሌሊት ወፍን ክንፍ አስመስሎ የሠራው ኤኦል ኦክቶበር 9 ቀን 1890 ከፓሪስ በስተምሥራቅ በአርማንቪልዬ ግቢ 50 ሜትር ያህል ርቀት ከመሬት 20 ሳንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ተጓዘ። የእንፋሎት ሞተሩ በዘመኑ ከነበሩት እጅግ ቀላሉ ነበር። ይህ ከሜዳ ላይ በራሱ ኃይል የተደረገ መነሣት በመሆኑ ክብር ይገባዋል። አብራሪው ግን መሣሪያውን ወደ ላይና ወደ ታች የሚመራበት፣ ሲያጋድልም የሚያቃናበት አስተማማኝ መንገድ አልነበረውም፤ ስለዚህ ያቺ ዝላይ በረራ ልትባል አትችልም።

የፈረንሳይ የጦር ሚኒስቴር ገንዘብ መድቦለት አዴር «አቪዮን 3» የተባለውን ባለሁለት ፕሮፔለር መሣሪያ ሠራ። በኦክቶበር 1897 በሳቶሪ የጦር ሰፈር በተዘጋጀ ክብ መንደርደሪያ ላይ ሲሞከር ነፋስ ከመሥመሩ አስወጥቶት ተሰበረና ሚኒስቴሩ ድጋፉን አቆመ። ከዓመታት በኋላ የሌሎች ስም ሲገን አዴር በዚያን ቀን 300 ሜትር በርሬ ነበር አለ፤ ሆኖም የሙከራውን ኮሚቴ ዘገባ የጦር ሚኒስቴሩ በ1910 ይፋ ሲያደርገው መሣሪያው እንዳልበረረ ታወቀ። አዴር እውነተኛ መሐንዲስ ነበረና ይህን መጨመር ባላስፈለገው ነበር። ያም ሆነ ይህ፣ ለመሣሪያው ያወጣው «አቪዮን» የሚለው ስም ዛሬ በፈረንሳይኛ የአውሮፕላን መጠሪያ ሆኖ ቀርቷል።

የማክሲም ግዙፍ መሣሪያ ለምን በሐዲድ ላይ ታሰረ?

በመትረየስ ፈጠራው የታወቀው፣ በአሜሪካ ተወልዶ በእንግሊዝ የኖረው ሂራም ማክሲም አካሄዱ ከሌሎቹ ይለይ ነበር። አስቀድሞ ለመብረር አልፈለገም፤ አስቀድሞ ለመለካት ፈለገ። በኬንት አውራጃ ባልድዊንስ ፓርክ በተባለው ርስቱ ላይ ያቆመው መሣሪያ 3.6 ቶን የሚመዝን፣ ክንፉ ከጫፍ ጫፍ 32 ሜትር ያህል የሚሰፋ፣ እያንዳንዳቸው 180 የፈረስ ጉልበት ባላቸው ሁለት የእንፋሎት ሞተሮች የሚገፋ ነበር። ፕሮፔለሮቹ ከአምስት ሜትር በላይ ይረዝሙ ነበርና አጠገባቸው የቆመ ሰው ድንክ ይመስላል።

ይህ ሁሉ በ550 ሜትር የብረት ሐዲድ ላይ ይንከባለል ነበር። ከብረቱ ሐዲድ ውጭ በግራና በቀኝ፣ ከፍ ብሎ፣ ሁለተኛ የእንጨት ሐዲድ ተዘርግቷል፤ መሣሪያው ሲነሣ ከጎኑ የወጡት ጎማዎች ከእንጨቱ ሥር ገብተው እንዳይሄድ ይይዙታል። በዚህ ዘዴ ማክሲም ክንፎቹ ምን ያህል ክብደት እንደሚያነሡ ያለ አደጋ ሊለካ አሰበ። ጁላይ 31 ቀን 1894 እንፋሎቱን ሙሉ በሙሉ ለቅቆ ባደረገው ጉዞ መሣሪያው በሰዓት 67 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲደርስ የማንሣት ኃይሉ ከክብደቱ በለጠ፤ የሚይዘው አካል ተሰበረ፤ እንጨቱም ተቀድዶ መሣሪያውን ጎዳው። ማክሲም ወዲያው እንፋሎቱን ዘጋ።

ይህን ሙከራ ውድቀት ብቻ አድርጎ ማየት ልክ አይመስለንም። ሞተር ቶኖችን ወደ አየር ሊያነሣ እንደሚችል በተግባር ያሳየው ይህ ነው። የቀረው ጥያቄ ግን ከባድ ነው፤ መሣሪያው በዚያች ቀን ከሐዲዱ ጨርሶ ቢለቅ ኖሮ ውስጡ የነበሩት ሰዎች ሊመሩት ይችሉ ነበር? ግራና ቀኝ ሲያጋድል የሚያቃኑበት መሪ አልነበራቸውም፤ እንዲህ ያለ መሣሪያ ማብረር የተለማመደ ሰውም በዓለም ላይ አልነበረም። ማክሲም ብዙ ሳይቆይ ሥራውን አቆመ። በኋላ ለመዝናኛ ስፍራዎች የሠራው፣ በገመድ ተንጠልጥሎ የሚሽከረከር የሕዝብ መጫወቻ ግን በብላክፑል ከተማ ከ1904 ጀምሮ ከመቶ ዓመት በላይ ሲዞር ኖሯል።

ሁለት መቶ ክንፍ ያለው አውሮፕላን ነበር የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፤ የእንግሊዛዊው ሆሬሺዮ ፊሊፕስ ሥራ ነው። መልኩ የእንጨት መጋረጃ የተገጠመለት መስኮት ይመስላል፤ ጠባብና ረጃጅም ክንፎች አንዱ በሌላው ላይ እንደ መደርደሪያ ተደርድረዋል። ሐሳቡ ከጅልነት የመጣ አልነበረም። ፊሊፕስ በ1884 የፈጠራ መብት ያገኘው አየር በሚነፍስበት ቱቦ ውስጥ ቅርጾችን ከፈተነ በኋላ ሲሆን፣ ከላይ ጎበጥ ያለ ክንፍ ከጠፍጣፋው የበለጠ እንደሚያነሣ አረጋግጧል፤ ይህ ግኝት የአውሮፕላን ክንፍ መሠረት ሆኖ ቀርቷል። ጠባብና ረጅም ክንፍ ከአጭርና ሰፊው የተሻለ መሆኑንም በትክክል ተረድቶ ነበር። የሳተው ክንፎቹን ማቀራረቡ ላይ ነው፤ በጣም የተጠጋጉ ክንፎች አንዱ የሌላውን አየር ያውካል፤ የሚያያይዛቸው እንጨትና ሽቦም አየሩን እየተቃወመ መሣሪያውን ወደ ኋላ ይጎትተዋል። በ1893 የሠራው፣ ሰው ያልተሳፈረበት መሣሪያ በክብ ሐዲድ ላይ ተነሥቶ ነበር። 20 ክንፎች የነበሩት የ1904ቱ መሣሪያ ግን በአየር ላይ ሚዛኑን መጠበቅ አልቻለም። በ1907 የሠራው ባለ200 ክንፉ 150 ሜትር ያህል እንደ ተጓዘ ተመዝግቧል፤ ፊሊፕስ ከዚያ በኋላ መሥራት አቆመ።

ላንግሌይ ያን ሁሉ ገንዘብና ዕውቀት ይዞ ለምን አልተሳካለትም?

ይህ ከሁሉ በላይ የሚጠየቅ ጥያቄ ነው፤ ይገባዋልም። ሳሙኤል ላንግሌይ የታወቀ የሥነ ፈለክ ሊቅና በዋሽንግተን የስሚዝሶኒያን ተቋም ዋና ጸሐፊ ነበር። ሜይ 6 ቀን 1896 ሰው የሌለበት፣ ክንፉ አራት ሜትር ያህል የሚሰፋ፣ በእንፋሎት የሚሠራ አምሳያው ከፖቶማክ ወንዝ ላይ ተነሥቶ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ በረረ። በዚያው ዓመት በኖቬምበር ሌላው አምሳያ ከዚያ የራቀ ጉዞ አደረገ። በዓለም ላይ እስከዚያን ቀን ድረስ እንዲህ ያለ በረራ ያደረገ ባለሞተር መሣሪያ አልነበረም። የአሜሪካ የጦር መሥሪያ ቤት ይህን አይቶ ሰው የሚጭን መሣሪያ እንዲሠራ 50,000 ዶላር ሰጠው።

ስሕተቱ የተጀመረው አምሳያውን ሦስት እጥፍ በላይ አሳድጎ መሥራት ይበቃል ብሎ ሲያስብ ነው። አንድ ነገር በርዝመቱ እጥፍ ሲያድግ ስፋቱ አራት እጥፍ፣ ክብደቱ ግን ስምንት እጥፍ ይሆናል፤ ስለዚህ ለትንሹ የበቃ የክንፍ አጥንት ለትልቁ አይበቃም። ረዳቱ ቻርልስ ማንሊ የሠራው የቤንዚን ሞተር ግን ድንቅ ነበር፤ 94 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን ሆኖ 52 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል። የራይት ወንድማማቾች ሞተር ከዚህ እምብዛም ሳይቀልል 12 የፈረስ ጉልበት ብቻ እንደ ነበረው ስናስታውስ፣ የላንግሌይ ቡድን በኃይል ረገድ ማንም ያልደረሰበት ደረጃ ላይ እንደ ነበረ ግልጽ ይሆናል።

መሣሪያው በወንዝ ላይ ከቆመ ቤት መሰል ጀልባ ጣሪያ በአስፈንጣሪ እንዲወነጨፍ ተደረገ። ኦክቶበር 7 ቀን 1903 ማንሊ ተሳፍሮ ተወነጨፈና መሣሪያው በአፍንጫው ውኃው ውስጥ ገባ። ዲሴምበር 8 ቀን ደግሞ የኋላው ክንፍና ጅራቱ ገና ሲነሣ ተሰባበሩ፤ መሣሪያው ሽቅብ ቀጥ ብሎ ቆሞ በጀርባው ተገለበጠ፤ ማንሊም በረዶ ከያዘው ውኃ ሥር በጭንቅ ወጣ። ዘጠኝ ቀን ብቻ ቆይቶ፣ ራሳቸው እንደ ገመቱት ከአንድ ሺህ ዶላር ያነሰ ወጪ ያደረጉት ሁለት የብስክሌት ሠሪዎች፣ የራይት ወንድማማቾች፣ በረሩ። ማንሊ ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ እንኳ በአየር ላይ ያልቆየ ሰው ነበር፤ ራይቶች ግን በ1902 ብቻ ሞተር በሌለው መሣሪያ ከሰባት መቶ እስከ አንድ ሺህ ጊዜ ተንሳፍፈዋል። ከሁሉም ማብራሪያዎች ይህ አንዱ ይበልጥ ያሳምነናል።

የላንግሌይ መሣሪያ በኋላ በርሯል የሚባለውስ?

በ1914 ግሌን ከርቲስ የተባለው አውሮፕላን ሠሪ የላንግሌይን መሣሪያ ተውሶ በኒውዮርክ ግዛት ሐይቅ ላይ ለአጭር ጊዜ አነሣው። ከርቲስ በዚያን ጊዜ ከራይቶች ጋር በፈጠራ መብት ጉዳይ በፍርድ ቤት ይካሰስ ስለነበር ከእነርሱ በፊት ሊበር የሚችል መሣሪያ እንደ ነበረ ማሳየት ይጠቅመው ነበር። ለሙከራው ሲባል ግን የክንፉ ቅርጽና ማጠናከሪያው ተለውጧል፤ በውኃ ላይ የሚያቆመውም ተንሳፋፊ ተጨምሮለታል። የስሚዝሶኒያን ተቋም ለውጡን ሳይገልጽ፣ ሰው ይዞ ሊበር የሚችል የመጀመሪያው አውሮፕላን ይህ ነው የሚል ጽሑፍ አቆመበት። ኦርቪል ራይት በዚህ አዝኖ የ1903ቱን አውሮፕላን በ1928 ወደ ለንደን የሳይንስ ሙዚየም ላከው። ተቋሙ በ1942 የተደረጉትን ለውጦች ዘርዝሮ አቋሙን ካረመ በኋላ፣ አውሮፕላኑ በ1948 ወደ ዋሽንግተን ተመለሰ፤ ኦርቪል በዚያው ዓመት መጀመሪያ ላይ ስላረፈ መመለሱን አላየም።

ታዲያ የብዙዎቹ ዋና ስሕተት ምን ነበር?

በረራን የኃይል ጥያቄ ብቻ አድርገው ማየታቸው ነው። በቂ ሞተርና በቂ ክንፍ ከተገኘ ቀሪው መሪ ይዞ እንደ መርከብ ወይም እንደ መኪና መንዳት ነው ብለው ያምኑ ነበር። አየር ግን እንደ መንገድ አይደለም፤ ከግራም፣ ከቀኝም፣ ከፊትም ይገፋል፤ በላዩ የሚጓዝ ሰው በየቅጽበቱ ሚዛኑን ማረም አለበት።

ይህን በሰውነቱ የተማረው ጀርመናዊው ኦቶ ሊልየንታል ነው። ከ1891 እስከ 1896 ባለው ጊዜ ሞተር በሌላቸው፣ ከእንጨትና ከጨርቅ በተሠሩ ክንፎች ወደ ሁለት ሺህ የሚጠጋ ጉዞ አደረገ፤ እስከ 250 ሜትር የተንሳፈፈበትም ጊዜ አለ። ሚዛኑን የሚጠብቀው እግሮቹን ወደ ጎንና ወደ ፊት በማወዛወዝ ነበር። ኦገስት 9 ቀን 1896 ነፋስ ክንፉን ወደ ላይ አቅንቶ አቆመበትና ከ15 ሜትር ያህል ከፍታ ወደቀ፤ በማግስቱ አረፈ። ተከታዩ እንግሊዛዊ ፐርሲ ፒልቸርም ባለሞተር መሣሪያ አዘጋጅቶ ሳይሞክረው፣ ሴፕቴምበር 30 ቀን 1899 በሞተር አልባው «ሆክ» ላይ ሳለ ጅራቱ ተሰብሮ ወደቀና ከሁለት ቀን በኋላ ሞተ። የራይት ወንድማማቾች የሊልየንታልን ሞት ዜና ካነበቡ በኋላ የሰውነትን ክብደት ማወዛወዝ እንደማይበቃ ተረድተው የክንፉን ጫፎች በገመድ መጠምዘዝን ፈለሰፉ። ስለዚህ ሊልየንታልን ካልተሳካላቸው ሰዎች ተርታ ማስቀመጥ ይከብደናል።

የስልክ ፈጣሪው ቤልም አውሮፕላን ሞክሯል?

አሌክሳንደር ግራሃም ቤል በካናዳ ኖቫ ስኮሺያ ሳለ ከሦስት ማዕዘን ትንንሽ ክፍሎች የተገጣጠመ ትልቅ ካይት (በገመድ ተይዞ በነፋስ የሚንሳፈፍ መሣሪያ) አሠርቶ ነበር። «ሲግኔት» የተባለው ይህ ካይት 3,393 በሐር የተሸፈኑ ክፍሎች ነበሩት፤ ከሩቅ ሲታይ የንብ እንጀራ ይመስላል። ዲሴምበር 6 ቀን 1907 የአሜሪካ ጦር መኮንን የነበረው ቶማስ ሴልፍሪጅ ተሳፍሮበት በመርከብ ሲጎተት እስከ 51 ሜትር ከፍ ብሎ ሰባት ደቂቃ ቆየ። ሲወርድ የሚጎትተው ገመድ በጊዜው ስላልተቆረጠ ካይቱ በውኃው ላይ ተጎትቶ ተበጣጠሰ፤ ሴልፍሪጅ ግን ተረፈ። ሞተር ተገጥሞለት የተሠራው ሁለተኛው ሲግኔት በ1909 መነሣት አልቻለም፤ እነዚያ ሁሉ ክፍሎች እጅግ አጽንተው ያዙት እንጂ በቂ የማንሣት ኃይል አልሰጡትም። ሴልፍሪጅ ሴፕቴምበር 17 ቀን 1908 ከኦርቪል ራይት ጋር ሲበር አውሮፕላኑ ወድቆ ሞተ፤ በባለሞተር አውሮፕላን አደጋ የሞተ የመጀመሪያው ሰውም እርሱ ነው።

በድሮ ፊልሞች ላይ ሲፈራርሱ የምናያቸው መሣሪያዎች ከራይቶች በፊት የነበሩ ናቸው?

አይደሉም ማለት ይቻላል። ፊልሞቹ በአብዛኛው ከ1908 በኋላ የተነሡ ናቸው። ለምሳሌ ሰባት ክንፎች አንዱ በሌላው ላይ ተደራርበው ቆመው ሳለ ተደርምሰው የሚወድቁበት ታዋቂ ምስል በ1923 በኦሃዮ ግዛት ዴይተን ከተማ የተሞከረው የጌርሃርት በእግር የሚነዳ አውሮፕላን ነው። ሠሪው የበረራ መሐንዲስ ነበር፤ ምስሉን እያዩ የሚስቁ ብዙዎች ግን ያልተማረ ሰው ቀልድ አድርገው ያስቡታል።

ከሁሉ የሚገርመው ያልተሳካ አውሮፕላን የትኛው ነው?

ምርጫው የየሰው ቢሆንም የእኛ መልስ ካፕሮኒ 60 ነው። ጣሊያናዊው ጃኒ ካፕሮኒ 100 መንገደኞችን ጭኖ አትላንቲክን የሚሻገር የባሕር ላይ አውሮፕላን ለመሥራት አስቦ፣ ረጅም የመርከብ ክፍል በሚመስል አካል ላይ ሦስት ሦስት ሆነው በሦስት ቦታ የተደራረቡ በጠቅላላው ዘጠኝ ክንፎችን አቆመ። እያንዳንዳቸው 400 የፈረስ ጉልበት ያላቸው ስምንት ሞተሮች ተገጠሙለት። ጅራት አልነበረውም፤ የጅራቱን ሥራ የኋላው የክንፍ ስብስብ ይሠራል ተብሎ ታሰበ። በ1921 መጀመሪያ በማጆሬ ሐይቅ ላይ ለአጭር ጊዜ ተነሣ፤ ማርች 4 ቀን ግን 18 ሜትር ያህል ከፍ ካለ በኋላ አፍንጫውን ደፍቶ ሐይቁ ውስጥ ተከሰከሰ። አብራሪው ተረፈ።

ካፕሮኒ የሚለው ስም ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። የዚሁ ፋብሪካ ካፕሮኒ 133 ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች በ1935ና በ1936 በፋሺስት ወረራ ጊዜ በአገራችን ሕዝብ ላይ ተሰማርተዋል። ሰላማዊ መንገደኞችን ውቅያኖስ ለማሻገር ሲሠራ የወደቀውንና ለጥፋት ሲሠሩ የተሳካላቸውን አውሮፕላኖች ያወጣው አንድ ድርጅት መሆኑን ማለፍ አልቻልንም።

ከእነዚህ መሣሪያዎች ዛሬ በዓይን የሚታዩ አሉ?

አሉ። የአዴር አቪዮን 3 በፓሪስ የጥበባትና የሙያዎች ሙዚየም ውስጥ ተንጠልጥሎ ይታያል፤ የሌሊት ወፍ ክንፉን ከሥሩ ቆሞ መመልከት ይቻላል። የፒልቸር ሆክ በኤዲንብራ በስኮትላንድ ብሔራዊ ሙዚየም ይገኛል። የላንግሌይ መሣሪያ ደግሞ ወደ 1903 ቅርጹ ተመልሶ በቨርጂኒያ ግዛት በደለስ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ባለው የስሚዝሶኒያን የአየርና የኅዋ ሙዚየም ቅርንጫፍ ተቀምጧል። በዋሽንግተን አካባቢ ለሚኖሩት ብዙ ወገኖቻችን ቅርብ ነው፤ መግቢያውም ነፃ ነው። ሲያዩት የአብራሪውን መቀመጫ ልብ ይበሉ፤ ከክንፎቹ ሥር የተንጠለጠለ ሲሆን፣ መሣሪያው ጎማም ሆነ ሌላ የማረፊያ እግር የለውም፤ በደኅና ቢወርድ እንኳ በቅድሚያ ውኃውን የሚነካው ማንሊ ነበር።